የኤሌክትሪክ እቃ ጥገና ሱቅ ጎንደር ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያ፣ ካትል፣ ብሌንደር፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ... እነዚህን እየጠገኑ መኖር የሚያስቡ ወይም ሱቁን ከፍተው ከደንበኛ ጋር መግባባት ያቃታቸው ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት። ቴክኒኩንም እንነካካለን ግን አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከእቃው ሳይሆን እቃውን ስትቀበሉ ሳይነገር ከቀረ ነገር ስለሆነ እሱ ላይ በዛ አድርጌ ጽፌያለሁ።

ለመጀመር ምን ምን እቃ ያስፈልገኛል?

ከምታስቡት ያነሰ። ቴስተር፣ ክላምፕ ሜትር (ገመዱን ሳትቆርጡ ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካው)፣ ካቻቢቴ በየመጠኑ፣ ፒንሳ፣ የሊድ ካውያ (ሊድ አቅልጦ የሚበይደው)፣ ጠንካራ ጠረጴዛ። ክላምፕ ሜትሩን ብዙ ልጅ እንደ ቅንጦት ያየዋል፣ ፍሪጅ ለሚነካ ሰው ግን ከቴስተር እኩል ነው።

ከሁሉም በፊት ግን የመሞከሪያ አምፖል ስሩ። የድሮውን ባለ ሽቦ አምፖል፣ 100 ዋቱን፣ ከመሞከሪያ ሶኬታችሁ ጋር በተከታታይ (ሲሪየስ፣ ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ነው እቃው ጋ የሚደርሰው) ታገናኙታላችሁ፣ ሰው ያመጣውን እቃ መጀመሪያ በሱ በኩል ነው የምትሰኩት። ብሌንደር ውስጡ ሾርት ካለው አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ በቃ ሌላ ምንም አይፈጠርም። እንደ ምጣድና ካውያ ያለ የሚያሞቅ እቃ ግን ጤነኛም ሆኖ አምፖሉን ስለሚያበራው በሱ እንዳትሸወዱ፣ እነሱን በቴስተር ኦም (የሽቦውን ተቃውሞ) ለኩ። ይሄን አምፖል ሳትሰሩ ሾርት ያለውን ሁሉ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ስትሰኩ የግቢው ብሬከር ይወርዳል፣ ጎረቤት ያለችው ፀጉር ቤት ግማሽ የተሰራ ፀጉር ይዛ ትወጣለች፣ ከዛ ከአከራያችሁ ጋር የምታወሩት ስለ ሌላ ነገር ይሆናል።

ሱቁ የት ቢሆን ይሻላል? ፒያሳ ልከራይ?

ፒያሳ ሰው ይበዛል፣ ኪራዩ ደግሞ አይቀመስም። ጥገና ሰው እያለፈ አይቶ የሚገባበት ስራ አይደለም፣ እቃው የተበላሸበት ሰው ጠያይቆ ይመጣል። እናንተ የምትፈልጉት ባጃጅ ደጃፉ ድረስ የሚደርስበት፣ ደረጃ የሌለው፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ነው። ማራኪ አካባቢ ተማሪና አስተማሪ ስላለ ካትልና ካውያ ይበዛል፣ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ከሆናችሁ ምጣድና ፍሪጅ ነው። አዘዞ ያለ ሰው ፍሪጅ ጭኖ ከተማ ድረስ መምጣት ስለሚከብደው እዛው ብትከፍቱ አይከፋም።

ንግድ ፈቃድ ግድ ነው?

አዎ። ቲን ቁጥር አውጡ፣ ፈቃዱን ክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽህፈት ቤት አውጡ፣ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ባለው ጊዜ አሳድሱ። ሆቴልና መስሪያ ቤት ስራ የሚሰጠው ደረሰኝ ለሚቆርጥ ሰው ነው፣ አንድ ሆቴል ደግሞ ከብዙ ቤት የተሻለ ስራ ያመጣል።

ለማየት ብቻ ማስከፈል ነውር አይደለም ወይ?

ነውር የሚሆነው ከፈታችሁት በኋላ ስትናገሩት ነው። ሰውየው እቃውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ "ጋሼ ለመፈተሻ ይህን ያህል አለው፣ ካሰሩት ከዋጋው ላይ ይቀነሳል፣ ካላሰሩት እሱን ብቻ ከፍለው ይወስዱታል" በሉት። ደስ ካላለው ይሂድ። አብዛኛው ሰው ግን እሺ ነው የሚለው፣ ምክንያቱም ሌላ ቦታ "ዝም ብለህ ተወው አየዋለሁ" ተብሎ በኋላ ያልጠበቀውን ሒሳብ ተጠይቆ ያውቃል። ገመድ ብቻ የላላ፣ ፊውዝ ብቻ የወጣ ከሆነና እሷን ለማየት አምስት ደቂቃ ካልፈጀባችሁ ዝም ብላችሁ አስተካክሉና ስጡ፣ እንደሱ ያለ ሰው ሰፈሩን ሁሉ ይዞ ነው የሚመለሰው።

ዋጋ እንዴት ነው የምቆርጠው?

መለዋወጫውና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይነገር። "ኤለመንቱ ይህን ያህል፣ ለኔ ይህን ያህል።" ደምራችሁ አንድ ቁጥር ከተናገራችሁ ሰውየው መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ ዋጋውን ይጠይቅና ትርፍ በላብኝ ብሎ ሆዱ ይሻክራል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ ባለበት አይቆምም፣ ዛሬ የነገራችሁት ዋጋ በሚቀጥለው ሳምንት ላይሰራ ይችላል፣ ስለዚህ "ይሄ ዋጋ እስከዚህ ቀን ነው" ማለት ልመዱ። እቃው ከአዲስ አበባ በመኪና የሚላክ ከሆነ ደግሞ ቀብድ ሳትቀበሉ አታዙ፣ ቢያንስ የመለዋወጫውን ግዢ። መንገድ ተዘግቶ እቃ ሊዘገይ ስለሚችልም ቀን ስትቀጥሩ ቆረጥ አድርጋችሁ "ማክሰኞ" አትበሉ። "እቃው ሲገባ ደውዬ እነግርዎታለሁ" ይሻላል፣ ደግሞ ደውሉ እሺ፣ ደውላለሁ ብሎ መጥፋት የኛ ሙያ ዋና ስም ማጥፊያ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ እቃ ግማሽ ከዘለለ ንገሩት። "እኔ ብሆን አላሰራውም" ስትሉት ያንን ስራ ታጣላችሁ፣ ሰውየውን ግን አታጡትም።

ዘመድና ጎረቤት በነፃ ስራልኝ ሲል ምን ልበል?

እንግዲህ ጎንደር ነው ያለነው፣ የማትዛመዱት ሰው የለም። የእጅ ዋጋችሁን መተው ትችላላችሁ፣ የመለዋወጫውን ግን ማንም ይሁን ማን ያምጣ። "እትዬ ለኔ ምንም አይስጡኝ፣ ቴርሞስታቷን ግን ከሱቅ ነው የምገዛት" ብትሉ የሚቀየም ዘመድ የለም። የሚቀየም ካለም ቀድሞውንም ሊቀየም ፈልጎ ነው። ተራ ግን አታስቀድሙ። ከፍሎ ቀጠሮ የተሰጠው ሰው ቆሞ የአክስታችሁን ልጅ ብሌንደር ስትፈቱ ካየ አለቀ።

ምጣድ ሰርቼ በወሩ ተመልሶ ይመጣል፣ ለምን?

ይሄ በጣም የሚጠየቅ ነው፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሽቦውን በቴስተር ስትለኩት 14 ኦም አካባቢ ማግኘት አለባችሁ። አሁን ሽቦው አንድ ቦታ ተበጥሶ መጣ እንበል። ብዙ ልጅ የሚያደርገው የተቃጠለችውን ቆርጦ ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ ማያያዝ ነው። ምጣዱ ይሰራል፣ እንደውም ከድሮው በላይ ይግላል፣ ሴትየዋ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ግን ሽቦው ስላጠረ ኦሙ ቀንሷል፣ አስር በመቶ ቆርጣችሁ ከሆነ 12.5 ኦም አካባቢ ወርዷል ማለት ነው፣ አምፔሩ ወደ 18 ይጠጋል፣ የቀረችው ሽቦ ከአቅሟ በላይ እየጋለች ትኖራለች፣ የተጠማዘዘችው ቦታ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትግላለች። ስለዚህ እዛው ወይም አጠገቡ ይበጠሳል። በሊድ መበየድማ ጭራሽ አይታሰብም፣ ሊድ 200 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ የምጣድ ሽቦ ግን ፍም ነው የሚሆነው። ሙሉውን ሽቦ ቀይሩ፣ ጉድጓዱን ከድሮው ጀሶ አጽዱ፣ ሽቦውን እኩል ስቡት፣ አንድ ቦታ ጥቅልሉ ተጠጋግቶ ሌላ ቦታ ከተራራቀ እንጀራው በአንድ በኩል ያራል በሌላ በኩል አይን አያወጣም፣ እና ተመልሰው የሚመጡት እንጀራውን ይዘው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ምጣዱ ውስጥ አይደለም፣ ገመዱና ስፒናው ላይ ነው። 1.5 ካሬ ገመድ፣ ርካሽ ዲቫይደር፣ እዛው ዲቫይደር ላይ ስቶቭ ተሰክቶ። ስፒናው ቀልጦ ጠቁሮ ሲመጣ ስፒና ብቻ ቀይራችሁ አትላኩ፣ "እማማ ይሄ ለብቻው ግድግዳ ላይ ነው የሚሰካው፣ ገመዱም ወፈር ያለ 2.5 ካሬ ይሁን" በሉ። ምድር ሽቦውንም አያይዙ። የምጣድ ቆርቆሮ ስትነካ ነዘረኝ የምትል ሴት ካለች ምድር ሽቦው ወይ ተቆርጧል ወይ ቤቱ ውስጥ ከመጀመሪያውም አልተዘረጋም፣ ይሄን ለቤቱ ኤሌክትሪሺያን ንገሩ፣ ቀልድ አይደለም።

"ፍሪጄ ጋዝ አልቆበታል ሙላልኝ" ብሎ ለሚመጣ ሰው ምን እላለሁ?

መጀመሪያ "ጋዝ ማለቁን ማን ነገረዎት?" ነው። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ምግብ ማብሰያው ጋዝ ተቃጥሎ አያልቅም፣ ካለቀ ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳው ሳይዘጋ መሙላት የሰውየውን ብር አየር ላይ መልቀቅ ነው። ከዛ ወደ ጋዝ ከመሄዳችሁ በፊት ቀላል ቀላሉን ጨርሱ። ከኋላ ያለው የሽቦ ፍርግርግ አቧራ ሞልቶት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል? የበሩ ላስቲክ ይይዛል? ወረቀት አስገብታችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት፣ ዝም ብሎ ከወጣ ላስቲኩ አይዝም። ኮምፕሬሰሩ እምም ብሎ ጠቅ ካለና ካቆመ እሱን የሚያስነሱት ሪሌው ወይም ካፓሲተሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን ደግሞ ቮልቴጁም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ። ፍሪጁ እናንተ ሱቅ ቀን ላይ ሲሰራ ይውላል፣ ሰውየው ቤት ማታ አይነሳም። "አልሰራኸውም" ይላችኋል፣ እናንተ "ሰርቻለሁ" ትላላችሁ፣ ሁለታችሁም እውነት ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ስቶቭና ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮምፕሬሰሩ ለመነሳት አቅም ያጣል። ስለዚህ ፍሪጅ ስትቀበሉ "ማታ ነው ወይስ ቀንም እንደዛ ነው? አምፖላችሁስ ማታ ይደበዝዛል?" ብላችሁ ጠይቁ። ደብዝዞ ከሆነ ማታ ሄዳችሁ ለኩላቸው፣ 170 እና 180 ካሳየ ስታቢላይዘር ይግዙ እንጂ ለእናንተ መክፈል የለባቸውም።

መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ግፊቱ ሳይስተካከል ለመነሳት ይታገላል፣ ከሶስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚያዘገይ የፍሪጅ መከላከያ እንዲገዙ ምከሩ። ባጃጅ ላይ አጋድመው ካመጡት እንደደረሰ አትሰኩት፣ ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጥቂት ሰዓት ቆሞ ይቆይ፣ ሲወስዱትም ይሄንኑ ንገሯቸው።

አዳዲሶቹ ፍሪጆች ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። አር 600ኤ የሚል ከሆነ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፣ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ከ150 ግራም አይበልጥም፣ ግን ቱቦው ውስጥ እያለ በእሳት መበየድ ራስን ማቃጠል ነው። አር 134ኤ ላይ (የማይቀጣጠለው የቆየ የፍሪጅ ጋዝ ነው) የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ቀላቅሎ የሚሞላም አለ ሲባል እሰማለሁ፣ እንዳታደርጉት።

"ስሰጥህ ይሄኛው ይሰራ ነበር" የሚል ሰው ሲመጣ?

ይሄ የሚፈታው ሲቀበሉ ነው፣ ሲመልሱ አይደለም። ሰውየው ቆሞ እያለ እቃውን ሰኩት፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ንኩ፣ "ይሄ ይሰራል፣ ይሄ አይሰራም፣ እዚህ ጋ ተሰንጥቋል አይደል?" በሉ ጮክ ብላችሁ። ከዛ በስልካችሁ አራት አምስት ፎቶ አንሱ፣ ከኋላ የተለጠፈችውንም ቁጥር ጭምር። ቁራጭ ወረቀት ላይ ስም፣ ስልክ፣ ቀን፣ ችግሩን ራሱ ሰውየው ባለው ቃል ጻፉና አንዱን ለሱ፣ አንዱን እቃው ላይ በፕላስተር ለጥፉ። በሰው ቃል መጻፉ ዋጋ አለው። ደንበኛው "ድምፅ ያወጣል" ብሎ አምጥቶ እናንተ ሌላ ነገር ሰርታችሁ ድምፁን ካልነካችሁት ለሱ ምንም አልሰራችሁለትም።

የወጣውን አሮጌ እቃ ደግሞ በፌስታል አድርጋችሁ መልሱለት። የተቃጠለ ካፓሲተር፣ ያለቀ የብሌንደር ካርቦን፣ ምንም የማይጠቅም ነገር ነው፣ ግን በእጁ ይዞ ሲያየው የከፈለበት ነገር ይታየዋል። ይሄን ማድረግ ከጀመራችሁ "አልቀየርክም" የሚለው ነገር በጣም ነው የሚቀንሰው።

ከውጭ የመጣ እቃ ሰክቼው ጢስ ወጣ፣ ይሰራል?

እህቱ ከአሜሪካ የላከችለት ብሌንደር ወይም የፀጉር ካውያ ነዋ። እዛ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። የሚያሞቅ እቃ ሲሆን ቮልቴጁ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ጉልበቱ ከሶስት እጥፍ ስለሚበልጥ ደቂቃ አይቆይም። ለደንበኛው ከኋላ ያለውን ጽሁፍ አሳዩት፣ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለም፣ 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ ያውም ከእቃው ዋት በላይ የሆነ። ትራንስፎርመሩ ቮልቴጁን እንጂ ሄርዙን (እዛ 60፣ እዚህ 50 ነው) አይቀይርም፣ ስለዚህ ሞተር ያለው አንዳንድ እቃ ቢሰራም እንደዛው አይሆንም። ከሳውዲ የመጣም እቃ ካጋጠማችሁ ጽሁፉን ሳታዩ አትሰኩ።

ልብስ ማጠቢያው ጤነኛ ነው ግን ውሃ አይወስድም ይላሉ

ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። እኛ ከተማ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ብዙ ሰው በሮቶ ነው የሚጠቀመው፣ ሮቶው ደግሞ መሬት ላይ ወይም አንድ ሜትር ማማ ላይ ይቀመጣል። አውቶማቲክ ማሽን ቫልቩ ለመስራት ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋል፣ ሮቶው ደግሞ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ነው የሚሰጣችሁ፣ ስለዚህ ከማሽኑ በላይ ቢያንስ ሶስት፣ ቢሻል አምስት ሜትር መውጣት አለበት ወይ ትንሽ ፓምፕ ይገባል። የቫልቩ መግቢያ ላይ ያለችውን ወንፊትም አውጥታችሁ እጠቧት፣ ከሮቶ የሚመጣ ደለል እሷ ላይ ነው የሚቀረው። ገና ሊገዛ ላሰበ ሰው ደግሞ ውሃ በጆግ የሚሞላውን ሴሚ አውቶማቲክ ምከሩት፣ ለእኛ ሁኔታ እሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ካትል ፈልቶ አያጠፋም፣ ምንድነው?

ክዳኑ ይገጥማል? ካትል የሚያጠፋው እንፋሎቱ ወደ ቁልፉ ሲደርስ ነው፣ ክዳኑ ከተሰበረ እንፋሎቱ በላይ ይወጣል፣ ሲንተከተክ ይውላል። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፣ ስለዚህ በእንፋሎት ሳይሆን በቴርሞስታት የሚያጠፉ ትልልቅ የውሃ ማፍያዎች 95 እና ከዛ በላይ ላይ ከተስተካከሉ መቼም አያጠፉም፣ ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትቀይሩት፣ ዝቅ አድርጉት።

ፊውዙን ዳይሬክት አድርገህ (አውጥተህ በሽቦ አገናኝተህ) ስጠኝ ሲሉ?

አይሆንም በሉ። ካውያና ካትል ውስጥ ያለው የሙቀት ፊውዝ ቤት እንዳይቃጠል የተቀመጠ ነው። ሰው ይቸኩላል፣ ርካሽ ይፈልጋል፣ እሺ፣ ግን ነገ ያ ካውያ አልጋ ላይ ተረስቶ ቢነድ ስሙ የሚነሳው የእናንተ ነው። ማይክሮዌቭም ላይ እንደዛው፣ ያልተማራችሁት ከሆነ አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ2000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። "ይሄን አልሰራም፣ እገሌ ይሰራልዎታል" ብሎ መላክ አያሳፍርም፣ እገሌም ነገ ምጣድ ይልክላችኋል።

ዋስትና ልስጥ?

ለቀየራችሁት ነገር ብቻ፣ ለአንድ ወር በቂ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ጻፉት። "የቀየርኩት ኤለመንት በወር ውስጥ ከተቃጠለ በነፃ፣ ሌላው ክፍል ከተበላሸ በሒሳብ።" ክረምት ላይ መብረቅና የመብራት ማነስ መብዛት ያቃጠለውን ቦርድ ግን ከዋስትናው ውጪ እንደሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሄ ጭቅጭቅ አይቀርም።

ጠግኜው መጥቶ ያልወሰደውን እቃ ምን ላድርገው?

ሱቃችሁን የሚሞላው ይሄ ነው። ወረቀቱ ላይ "ከተጠናቀቀ ከዚህ ቀን በኋላ የማስቀመጫ ይከፈላል" ብላችሁ ጻፉ፣ ሲጠናቀቅ ደውሉ፣ ካላነሳ መልእክት ላኩ፣ መልእክቱን አታጥፉ። ዝም ብሎ መሸጥ ግን አይታሰብም። እቃው የናንተ አይደለም፣ ሰውየው ደግሞ ሁሌ ከሸጣችሁት በኋላ ነው የሚመጣው። ታሞ፣ ሀዘን ላይ ሆኖ፣ ገጠር ሄዶ የቆየም አለ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ብር አጥሮት ነው የሚጠፋው። "ግማሹን ክፈልና ውሰድ፣ ቀሪውን ደመወዝ ሲወጣ" ስትሉት የሚመጣ ይበዛል፣ እኔ በዚህ ተጎድቼ አላውቅም።

በቴሌብር ከፈልኩ ብሎ ስክሪንሾት ካሳየኝስ?

ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። የራሳችሁ ስልክ ላይ መልእክቱ እስኪገባ ወይም *127# ብላችሁ ሒሳባችሁን እስክታዩ እቃው ከጠረጴዛ አይነሳ። "አላምንህም" አትበሉት፣ "ኔትወርኩ ዘግይቷል መሰለኝ፣ እስኪገባ አረፍ በል፣ ሻይ ልዘዝልህ" በሉት። የከፈለ ሰው ይቀመጣል።

ቤት ድረስ ሄጄ ስሰራ ምን ልጠንቀቅ?

የመሄጃ ሒሳብ ለብቻ፣ በስልክ ተነግሮ። ስትደርሱ ቆጣሪውንና ብሬከሩን መጀመሪያ እዩ፣ ከነቀላችሁት እቃ አጠገብ ያለውን ነገር ፎቶ አንሱ። የቤቱ ባለቤት ከሌለና ልጆች ብቻ ካሉ ተመለሱ፣ ስራውን ሰርታችሁም የሚያምናችሁ ሰው የለም። ቡና ከፈላ አንድ ስኒ ጠጡ፣ ግን ሶስቱንም ዙር ከጠጣችሁ ቀኑ አለቀ።

ተቆጥቶ የሚጮህ ደንበኛ ሲገባ?

ሌላ ሰው ፊት አትከራከሩ። ወንበር ስጡት። "ወንድምዓለም እቃውን እንየው" በሉና እሱ ፊት ፍቱት፣ ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ ሳይጨርስ "በኔ ነው፣ በነፃ" በሉ። የእሱ ከሆነ ደግሞ አሳዩት እንጂ አትናገሩት። ውሃ የገባበት ሞተር ዝገቱ ይታያል፣ መናገር አያስፈልገውም። በልጁ ወይም በሚስቱ ፊት አታሳፍሩት ብቻ፣ ሰው ብሩን ሳይሆን እሱን ነው የሚይዘው። ጭራሽ ካልተስማማችሁ የምታውቁት የሰፈር ትልቅ ሰው መሀል ይግባ።

ለጥምቀትና ለፋሲካ እንዴት ነው የምዘጋጀው?

የጥር 11 እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ከታህሳስ አጋማሽ ጀምሮ ሆቴሎቹም ቤቶቹም ፍሪጅና የውሃ ማሞቂያ ያመጣሉ፣ ከዛ የሰርጉ ወቅት ይከተላል፣ ምጣድ ነው በየቀኑ። የምጣድ ሽቦ፣ ስፒና፣ ወፍራም ገመድ አስቀድማችሁ ግዙ፣ በዛን ሰሞን ዋጋው ይጨምራል ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ፋሲካ ዋዜማ ላይ ደግሞ ስጋ ሊያስቀምጥ ፍሪጁ እምቢ ያለው ሁሉ ይመጣል፣ ስለዚህ ከሆሳዕና በኋላ የሚገባ ፍሪጅ ለበዓሉ እንደማይደርስ በራፉ ላይ ለጥፉ። ለማንም እሺ አትበሉ። አንዱን እሺ ካላችሁ ሌላው ይሰማል።

መብራት በሌለ ቀን ልክፈት?

ክፈቱ። ፍቱ፣ አጽዱ፣ ቅባት ቀቡ፣ የወረቀቶቹን ስልክ ደውሉ፣ እቃ ተቀበሉ። ሳይሞከር ግን ምንም እቃ አታስወጡ፣ ሰውየው ባጃጅ አቁሞ "ቤቴ እሞክረዋለሁ ግድ የለም" ቢላችሁም። ያ ባጃጅ ተመልሶ ሲመጣ የመመለሻ ሒሳቡን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ማታ መብራት ሲመጣ እንዲመጣ ቅጠሩት ወይ ነገ ጠዋት።